በር ላይ የተደፋ ጣሳ

ባለፈው ጥቅምት ጀርመን አገር ሞዜል ወንዝ ዳር ካሉት መንደሮች በአንዷ ስዞር፣ አንድ በር ላይ የቅርንጫፍ እቅፍ ተንጠልጥሎ አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ። አብሮኝ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ ጀርመናዊ ነው፤ ምኑ እንዳሳቀኝ አልገባውም። ቅጠሉ «የቤታችን ወይን ደርሷል፣ ግቡ» ማለት ነው። እኛ ሰሜን ሸዋ ደግሞ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ይደፋል። ጣሳ ካየህ ጠላ አለ። እኔ ያደግሁት በሩ ላይ እንዲህ ያለ ጣሳ ባለበት ቤት ነው።

የምኖረው ኮብሌንዝ ነው። ሞዜል ከፈረንሳይ ተነስቶ 545 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጥመዘመዘ መጥቶ እኛ ከተማ ላይ ራይን ውስጥ ይገባል። ዳርና ዳሩ ወይን ነው። ሮማውያን ከነበሩበት ዘመን ጀምሮ እንዲሁ ነው ይባላል። ወይኑ የተተከለው ሜዳ ላይ እንዳይመስላችሁ። ካልሞንት የሚባለው ዳገት 65 ዲግሪ ድረስ ቀጥ ያለ ነው። ጣርማ በር ገደል ላይ ማሳ አለ ብላችሁ አስቡት። እያንዳንዷ ሐረግ ለብቻዋ ችካል ላይ ትታሰራለች። መሬቱ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ መልሶ ይተፋዋል። ትራክተር አይወጣውም። ለቀማው በእጅ ነው።

የገባንበት ቤት የአንድ ቤተሰብ ነው። አባትየው ራሱ ከፈተልን፣ እናትየው ዳቦና አይብ አቀረበች። እንዲህ ያለ ቤት ሽትራውስቪርትሻፍት ይሉታል። ሙሉ የመጠጥ ቤት ፈቃድ አይጠየቅም፤ ግን የራስህን ወይን ብቻ ነው የምትሸጠው፣ በዓመት ከ4 ወር በላይ አትከፍትም፣ ከ40 ወንበር በላይ አትዘረጋም። ይሄን ሲነግሩኝ ቀናሁ። ሕጉ ትንሹን ሰው አስቦ የወጣ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ጠረጴዛ ያለው ገበሬ ከትልቅ ሆቴል እኩል አይታይም።

ቅምሻው ግን ትንሽ አስቸገረኝ። ሰውዬው ብርጭቆ ውስጥ ጠብ ያደርግልሃል። ታሸታለህ፣ ታንገዋልላለህ፣ ከዚያ የተዘጋጀ ባልዲ አለ፣ እዚያ ትፍ ትላለህ። ትፍ! አክስቴ እቴቴ ቢያዩኝ ከዘር ማንዘሬ ይፍቁኝ ነበር። እሳቸው ዘንድ የሚቀዳው ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ለማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እንግዳው ነው የሚጠጣው፣ ያውም «በሞቴ» እየተባለ፣ ሦስተኛው ጣሳ እስኪያልቅ።

ሰውዬው ምድር ቤት ይዞን ወረደና በርሜሉ ላይ ጆሮዬን እንድለጥፍ ነገረኝ። ውስጡ ይንተከተካል። አዲሱ ወይን እየፈላ ነው። እኔ ግን ያን ድምፅ ከድሮም አውቀዋለሁ።

እቴቴ የእናቴ እህት ናቸው። ቤታቸው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በጥር ሄጄ ሁለት ሳምንት ተቀመጥኩ፤ ስሄድም ሞዜልን በልቤ ይዤ ነበርና እንደ ልጅነቴ ሳይሆን እንደ ጎብኚ አየኋቸው። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ጌሾው ተወቅጦ ይነከራል፤ ጥንስስ ነው። ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባበታል። ቀጥሎ ተቆልቶ የተፈጨው ገብስ፣ አሻሮው፣ ሲጨመር ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውሃ ይሞላና ይከደናል። ቆላ ላይ ቶሎ ይደርሳል፣ የእኛ ብርድ ግን ያዘገየዋል። እቴቴ ቴርሞሜትር የላቸውም። ጆሯቸውን ጋኑ ላይ ለጥፈው «ገና ነው» ይላሉ።

ልክ እንደ ሰውዬው።

ልዩነቱ ጠርሙሱ ላይ ነው። የሞዜሉ ጠርሙስ ላይ የቤተሰቡ ስም አለ፣ ወይኑ የበቀለበት ዳገት ስም አለ፣ ዓመተ ምሕረቱ አለ፣ መንግሥት መርምሮ የሰጠው ቁጥርም አለ። የእቴቴ ጠላ ስሙ በሰው አፍ ብቻ ነው ያለው። እኛ መንደር «የእሷን ጠላ አምጡ» ሲባል ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል፤ ማኅበርተኛ ከሩቅ ይልክባቸዋል። ግን ትምህርት ቤት እኔን «የጠላ ሻጭ ልጅ» ብለው ነበር የሚሰድቡኝ። ስድብ ነው! የወይን ጠማቂ ልጅ ብሎ የሚሰድብ ጀርመናዊ እስካሁን አልገጠመኝም። እዚያ አባት ለልጁ በውርስ የሚያስተላልፈው ነገር፣ እኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ሌላ ስታጣ የምትገባበት ሥራ ነው። ለማኅበርና ለተዝካር ስትጠምቅ ባለሙያ ትባላለች። ያንኑ ጠላ ከሸጠችው ግን ስሟ ይለወጣል።

አንድ ማታ ሐሳቤን አወጣሁት። ጓዳውን እናስፋ፣ ጋኖቹን በረድፍ እናቁም፣ አንኮበር የሚሄደው እንግዳ እዚህ ይውረድ፣ ሲጠመቅ ይይ፣ ይቅመስ፣ ይክፈል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1841 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት ያኔ ነው። አገሩ ታሪክ ሞልቶታል። እኔ ግን እዚያ ምሳ ስበላ የቀረበልኝ የጠርሙስ ቢራና ለስላሳ ብቻ ነበር። ጠላ አለ ወይ ስል አስተናጋጁ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

እቴቴ እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ፣

«የኔ ጌታ፣ አንተ የምታውቀው ጠላውን ነው። ጭሱን የማውቀው እኔ ነኝ» አሉኝ።

ዓይናቸውን አየሁት። ቀልቷል፣ ያለቅሳል። አረቄም ያወጣሉ፤ ድፍድፉ እሳት ላይ ተጥዶ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ይንጠባጠባል። ዳግም ከሆነ ያው ነገር ሁለት ጊዜ ነው። ቀኑን ሙሉ ኩበትና ባሕር ዛፍ ሲያነዱ ይውላሉ። መስኮት የለም። እኔ ሞዜል ላይ ያየሁት ምድር ቤት መብራት ነበረው፣ ወለሉ በቧንቧ ውሃ ይታጠባል። ቱሪዝም ከማለቴ በፊት ጭስ ማውጫ ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። በነጋታው ደብረ ብርሃን ወርጄ ቆርቆሮና ቧንቧ ገዛሁ። ያ ቢያንስ ተሠርቷል።

ልጃቸው ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ተቀጥራለች። ጥንስስ አልነካም ብላለች። ልፈርድባት አልችልም፤ እኔስ ጥዬ የሄድኩ አይደለሁ? ደግሞ ሞዜልም ቢሆን ገነት አይደለም። ከመንደሩ በላይ ያለው ዳገት በከፊል ጫካ ሆኗል። የሚወርሰው ልጅ ከተማ ገብቶ ቀርቷል፤ ዳገት መውጣት ማን ይወዳል? ለቀማውንም የሚሠሩት በብዛት ከፖላንድና ከሮማኒያ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ሰውዬው ሁለት ልጆች አሉት። ማን ይረከብሃል ብዬ ስጠይቀው ብርጭቆውን መወልወል ጀመረ።

ስሄድ ለእቴቴ ከዚያ ቤት አንድ ጠርሙስ ሪዝሊንግ ይዤ ነበር። ከምንድን ነው አሉኝ። ከወይን አልኳቸው። «የቅዳሴው?» ብለው ደነገጡ። እሳቸው የሚያውቁት ወይን ቤተልሔም ውስጥ ከዘቢብ የሚጨመቀውን ብቻ ነው። አይደለም፣ የገበያ ነው ብዬ አሳመንኳቸው። አማትበው መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉና ቀመሱ።

«ጌሾ ጎድሎታል» አሉ።

የቀረውን ጎረቤት ጨረሰው። ልመለስ ስል እቴቴ ያንኑ ጠርሙስ አጥበው ዳግም አረቄ ሞልተው፣ አፉን በቆሎ ቆረቆንዳ ወትፈው፣ በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። ሻንጣ ውስጥ አልፈሰሰም። አሁን ኮብሌንዝ ወጥ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ቆሟል። እንግዳ ሲመጣ አንስቶ ጽሑፉን ያነባል፤ የሰውዬው ቤተሰብ ስም፣ የዳገቱ ስም፣ ዓመቱ። «አሃ፣ ሞዜል ነው» ይለኛል። ቆረቆንዳውን ነቅዬ እቀዳለታለሁ።