ፈቃድን መተው በጾሙም ላይ ነው

ወንድሜ፣ «ፈቃዳችንን ለእግዚአብሔር እንስጥ» ማለትህ ደግ ነው፤ እንዴት የሚለውን ግን ዘለልከው። ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን መነሻው የንስሐ አባት ነው። በፍልሰታ ጾም ጻድቃኔ ማርያም ገዳም ሱባኤ የሚገባውን ተመልከት። ማንንም ሳያማክር እስከ ማታ እጾማለሁ፣ ጥሬ ብቻ እቆረጥማለሁ ብሎ ይወስናል። ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ አጠገቡ ያደረውን ሁሉ ይቆጣል። የጾመው በገዛ ፈቃዱ ነዋ! ከመግባትህ በፊት ሕመምህን፣ የምትወስደውን መድኃኒት፣ የሥራህን ክብደት ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። እስከ 9 ሰዓት ካሉህ 9 ሰዓት ነው፤ 11 አታድርገው። መጨመርም እንቢታ ነው። ከትንሣኤ በኋላ ባለው በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብን ካልጾምኩ የሚለውም ያው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በእነዚያ 50 ቀናት አትጾምም። ከሁሉ የሚብሰው ግን «እሺ» የሚል እስኪገኝ የንስሐ አባት መቀያየር ነው (ይሄ ነገር በዝቷል)።

ስትጸልይ ደግሞ ፍላጎትህን አትደብቅ። ጌታ በጌቴሴማኒ አስቀድሞ ጽዋዋ እንድታልፍ ለመነ፣ ከዚያ «አንተ እንደምትወድ ይሁን» አለ፤ 3 ጊዜ ያንኑ ደገመ (ማቴ. 26፥39-44)። ልጅም ይሁን ሥራ ወይም ጤና፣ ስሙን ጠርተህ ለምን። ስእለት ስትሳል ግን ለእግዚአብሔር ቀን አትቁረጥለት።