ከስንት?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ሳምንት፣ ተፈታኝ ልጅ ባለበት ቤት ስልክ ማንሣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ደዋዩ ጤና ይስጥልኝ ከማለቱ በፊት «ስንት አመጣ?» ይላል፤ ቁጥሩ ሲነገረው ግን ብዙ ይሁን ትንሽ ስለማያውቅ፣ ለደስታም ለሐዘንም በሚሆን ድምፅ «አሃ!» ብሎ ዝም ይላል። ፈተናውን በትክክል የሚረዱት ተፈታኞቹ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እልል የምንለውና የምናለቅሰው ግን እኛ ነን።

ነገሩ ይህን ያህል መወሳሰብ አልነበረበትም። በ2017 ዓ.ም. ተማሪው ስድስት ትምህርት ተፈተነ፤ እያንዳንዱ ከ100 ታስቦ ድምሩ ከ600 ሆነ፤ ግማሹን፣ ማለትም 300ን ያገኘ አለፈ። ችግሩ የየቤቱ ታላቅ ሰው በየዘመኑ መስፈሪያ መስፈሩ ነው።

ጎረቤታችን ጋሼ በደርግ ጊዜ፣ ውጤቱ ከ4 ይታሰብ የነበረውን ማትሪክ ተፈትነው 3.2 ያመጡ ሰው ናቸው፤ የልጆቻቸውን የልደት ቀን ይረሱ ይሆናል እንጂ ይህችን ቁጥር አይረሷትም። የእኅቴ ልጅ 312 ማምጣቱ ሲነገራቸው መነጽራቸውን አደረጉ፤ እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው አወጡና በጋዜጣ ጠርዝ ላይ 312ን ለ600 አካፍለው በ4 አበዙት። «2.08» አሉ በሐዘኔታ። «አይዞህ ልጄ፣ ሙያም አለ።»

እናቱ፣ ከተፈታኙ ሁሉ ያለፈው 8.4 በመቶ ብቻ መሆኑን፣ ለ2014 ተፈታኞችማ 3.3፣ ለ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ እንደነበረ በትሕትና ለማስረዳት ሞከረች። ጋሼ እስክሪብቷቸውን ከደነው፣ ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ ሲወድቅ የተፈተነው ልጁ ነው ወይስ አስተማሪው ሲሉ ጠየቁ። እንደ ሒሳባቸው ሳይሆን ይህ ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ ስለዚህም የመለሰላቸው ሰው አልተገኘም።

ከጋሼ የባሰችው ግን ቨርጂኒያ ያለችው አክስቱ ናት። ከስድስቱ ትምህርቶች አንዱ ተማሪዎች «ኤስኤቲ» የሚሉት የአፕቲትዩድ ፈተና ሲሆን፣ እርሱም እንደ ሌሎቹ ከ100 የሚታሰብ ነው። አሜሪካኖች በዚሁ ስም የሚጠሩት የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ግን ከ400 ተነሥቶ እስከ 1600 ይደርሳል። አክስት ደውላ «ኤስኤቲ ስንት አመጣ?» አለች። እናት በኩራት «71!» አለች። መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስል ጸጥ አለ።

«እዚህ አገር እኮ» አለች አክስት በመጨረሻ፣ «ተኝቶ የዋለ ልጅ እንኳ 400 አያጣም። እስቲ ሐኪም አሳዩት።»

እኅቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋች። በሳምንቱ በመንገደኛ እጅ፣ ከቫይታሚንና ከስኒከር ጋር፣ ትራስ የሚያህል የኤስኤቲ ማዘጋጃ መጽሐፍ ደረሰ። ልጁ ከተፈተነ ወራት አልፈውታል። ስኒከሩ ልኩ ስለሆነ ግን እርቅ ወርዷል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከአጥር ማዶ ያለችው ልጅ 298 አምጥታ ነበር። በሁለት ነጥብ አላለፈችም፤ ሆኖም በሪሚዲያል ለጥቂት ወራት ግቢ ገብታ፣ ማካካሻ ትምህርት ተምራ እንደገና እንድትፈተን ተመደበች። ሠፈሩ ይህን ዝርዝር ከየት ያውቀዋል? ያየው ብርድ ልብስና ሻንጣ ይዛ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሳፈር ነው። ወላጆቿም ሳያብራሩ በግ አረዱ፤ ጋሼም ተገኝተው፣ ምንም ሳያካፍሉና ሳያበዙ፣ «ለምርቃትሽ ያብቃን!» ብለው መረቁ። እኅቴም እንደ ደንቡ ሞሰቧን ይዛ ሄደች፤ ወጡን እያወጣች ታስተናግድ የነበረ ቢሆንም፣ ሳህን ባቀበለች ቁጥር ወደ እንግዳው ጆሮ ጎንበስ እያለች «የእኔ ልጅ በ14 ይበልጣታል» ማለቷን አልተወችም። እንግዶቹም «ከስንት?» ይሏት ነበር።