ቀድሞ የደረሰውስ?
በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ሰው ላዳኑ በጎ ፈቃደኞች ሜዳሊያ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ በሚለው ክርክራችን ላይ፣ «ሜዳሊያው ይሰጥ፣ ግን በአደጋው ጊዜ ተመዝግበው ለተሰማሩ በጎ ፈቃደኞች ብቻ» የምትለዋ ነገር አልተዋጠችልኝም። መሬት ሲንቀጠቀጥ ቀድሞ የሚደርሰው እኮ ጎረቤት ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የጃፓኗን ከተማ ኮቤን መሬት ሲያንቀጠቅጣት፣ ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት ከወጡት አብዛኞቹን ያወጧቸው ቤተሰቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። በ1985 ሜክሲኮ ሲቲም ያው ነው። ሥልጠና የሌላቸው ወጣቶች በየጠባቡ ቀዳዳ እየተሽሎከለኩ ሰው ያወጡ ነበር። «ቶፖስ»፣ ማለትም ፍልፈሎች የሚባለው የነፍስ አድን ቡድን የተወለደው ከዚያ ነው። ያን ቀን ማን መዘገባቸው? ጃፓኖች የኮቤውን ቀን፣ ጃንዋሪ 17ን፣ የአደጋ መከላከልና የበጎ ፈቃደኞች ቀን አድርገውታል፤ ያ ቢያንስ ማንንም አያስቀርም። ከላይ «እውነተኛ ጀግና ሽልማት አይጠይቅም» ላልሽው እህቴ፦ እሺ፣ አይጠይቅም። ግን ሰው ሲያወጣ የተሰበረ እጁን ማን ያሳክምለት? ከሥራ የቀረበትን ቀን ደሞዝስ? ሌሊት የሚያባንነው ነገርም አለ፣ እሱን ማንም አያነሳውም። እኔ ብሆን ከሜዳሊያው በፊት ይህን ነበር የማስቀድመው። የተሸላሚዎቹን ስምም ከቢሮ መዝገብ ሳይሆን ከተረፉት ሰዎች ጠይቄ እሞላ ነበር።