እድሜ ለጎርፋችን

ሰኔ ግም ሲል ለደብረ ማርቆስ ሰው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል። ሌላው አገር ደመና ሲያይ ልብሱን ከገመድ ላይ ይሰበስባል፤ የተሰጣ በርበሬውን ያስገባል። የእኛ ከተማ ሰው ግን ሰማዩ ከጮቄ ተራራ በኩል መጥቆር ሲጀምር የሚያስገባው ሳይሆን የሚያወጣው ነገር አለው። ሳምንቱን ሙሉ ከበር ኋላ ያቆየውን ማዳበሪያ አፉን ፈትቶ ይጠባበቃል። ጠብታው ዶፍ ሲሆን፣ ዲቹ ሲሞላ፣ መንገዱ ላይ ዝር የሚል ሲጠፋ በሩ ገርበብ ይላል። አንድ ክንድ ብቅ ይላል። ዘርገፍ! የሽንኩርት ልጣጩ፣ ዓመዱ፣ ዳይፐሩ፣ የተሰበረው ነጠላ ጫማ፣ ሃይላንዱ፣ ሁሉም ተያይዞ ይነጉዳል። ነዳጅ የለ፣ ሹፌር የለ፣ የውሎ አበል የለ። ማዘጋጃ ቤት በዓመት በጀት የማይጨርሰውን፣ ዶፍ በሩብ ሰዓት ያጠናቅቀዋል።

ይህን ጥበብ "ነውር ነው" የሚሉ ደረቆች አሉ። ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ሰዎቻችን ንጽሕና አያውቁም ብሎ የሚያማ ካለ አንድ ቀን ቤታቸው ይግባና ይይ። ወለሉ ጠዋት ማታ ይጠረጋል፤ ደጁ ውሃ ይረጫል፤ በዓል ሲመጣ ቄጤማው ይጎዘጎዛል፤ ሲኒው ፊት ያሳያል። ይህ ሁሉ ንጽሕና የሚያበቃው አጥሩ ጋ ሲደርስ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለው የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ ሆደ ሰፊ ነው። አባቶቻችን "ከራስ በላይ ነፋስ" ያሉት ዓመድ ሲደፉ ቆይተው ሳይሆን አይቀርም።

እግዜርም ጎጃምን ሲፈጥር ይህችን ነገር አስቦባታል መሰለኝ። አባይ ከጣና ወጥቶ ዙሪያውን ጠምጥሞታል። ከወንዞቻችን ጨሞጋም ሂድ፣ ላህም ሂድ፣ ብርም ሂድ፣ መጨረሻህ አባይ ነው። እኛ ማርቆስ ዲች ውስጥ፣ የፍኖተ ሰላሙም ሰው በበኩሉ ድልድይ ላይ ቆሞ የጣለው ሁሉ ቆላ ወርዶ አንድ ቦታ ይገናኛል። "አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" ሲባል የኖረው ለግንድ ዘመን ነው። ግንዱ አለቀና ሃይላንድ ይዞ ይዞር ጀመር። አሁን ደግሞ ይመስገነው፣ ማደሪያም አገኘ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድባችን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ይህን ያህል ውሃ የያዘ ማጠራቀሚያ የአንድ ሰፈር ዳይፐር ይከብደዋል? ከደመወዛችን ቦንድ ተቆርጧል፤ ተማሪው ከኪሱ፣ ገበሬው ከበጉ አዋጥቷል። ሌላው ሕዝብ ግድቡ ተመረቀ ብሎ መዋጮውን ሲያቆም የእኛ ሰው ግን በየዶፉ ማዋጣቱን ቀጥሏል። ከዚህ በላይ አገር ወዳድነት ከየት ይመጣል?

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣ እንግዳ ይህን ባህላችንን ደጀን ሳይደርስ ይማረዋል። ጎሐ ጽዮንን አልፎ ቁልቁለቱ ሲጀምር ረዳቱ ጥቁር ፌስታል ማደል ይጀምራል። "ማነው የሚያስመልሰው? ያዙ! ወንበር እንዳታበላሹብኝ!" ጠመዝማዛው ሥራውን ይሠራል። ትንሽ ቆይቶ መስኮቶቹ ተራ በተራ ይከፈታሉ፤ የሞሉት ፌስታሎች አንድ በአንድ ወደ አባይ በረሃ ይበርራሉ። አንድ የተከበሩ አባት የእሳቸውን ከመወርወራቸው በፊት ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ጠበቅ አድርገው፣ አጠገባቸው ለተቀመጠው ወጣት "ጠብ እንዳይልብህ ልጄ፣ ነውር ነው" ሲሉት ሰምቻለሁ። ይህን የመሰለ ጨዋነት! ከመንገዱ ዳር የተኮለኮሉት ዝንጀሮዎች ግን ገና አልሠለጠኑም፤ ፌስታሉን ፈትተው ካዩት በኋላ እዚያው ጥለውት ይሄዳሉ።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ሥልጣኔ መካከል ከተማችንን የሚያስቸግራት አንድ ነገር ብቻ ነው ይባላል፦ ባላገር በዛ። ካፌ ብትቀመጡ ወሬው ይኸው ነው። "ይህች ከተማ እኮ ንጹህ ነበረች፤ ከገጠር የሚጎርፈው ነው ያቆሸሻት" ይላል አንዱ፣ አፉን የጠረገበትን ሶፍት ከጠረጴዛው ሥር እየጣለ።

እውነትም ባላገሩ ጥፋተኛ ነው። በመጀመሪያ ነገር ቆሻሻ የሚባለውን ነገር አያውቀውም። እሱ ቤት ዓመዱ ለጓሮ ጎመን ነው። የድንች ልጣጩን ላሚቱ ትጠብቀዋለች፤ አተላውም ለከብት ነው፤ እበቱ ኩበት ይሆናል። ጀሪካን እስኪቀደድ ውሃ ይቀዳበታል፤ ከተቀደደም በኋላ ወገቡ ላይ ተቆርጦ የዶሮ ውሃ መጠጫ ይሆናል። እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው ከተማ ገብቶ እንዴት በአንድ ቀን ይሠልጥን?

ለዚህ ምስክር የምትሆነኝ የጎረቤቴ የእትዬ እንትና ሠራተኛ ናት። ልጅቱ ከማቻከል በኩል የመጣች ሰሞን ልጣጩንና ዓመዱን ለየብቻ በሁለት ባልዲ አድርጋ አጥር ሥር አስቀመጠች።

"ምንድን ነው ይኼ?" አሏት እትዬ።

"ልጣጩ ለጥጃ፣ ዓመዱ ለጎመኑ ነው እትዬ።"

"እዚህ ጥጃ የት አየሽ? ጎመኑስ?"

ልጅቱ ግቢውን ዞር ብላ አየችው። ዳር እስከ ዳር ሊሾ ነው። "ታዲያ ለማን ነው የሚሰጠው?"

እትዬ ሳቁ። ሥልጣኔን ለማስተማር ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለቱን ባልዲ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ገለበጡላት፤ የሕፃኑን ዳይፐር ጨመሩበት፤ የዘይቱን ላስቲክ ጨመሩበት። "ሲመሽ፣ ዝናቡ ሲጠነክር፣ ነጠላሽን ተከናነቢና ዲቹ ውስጥ። ሰው እንዳያይሽ ብቻ።" ልጅቱ እንደታዘዘችው አደረገች። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሰውዬ በመስኮት አዩዋትና በማግሥቱ ለእድሩ ሰዎች "እነዚህ ባላገሮች ፈጁን" ብለው አመለከቱ። በወሬው እትዬም ተስማምተዋል።

ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም። የጎጃም ጎበዝ እግሩ ረጅም ነበር። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳል፤ ሌላው አባይን ተሻግሮ ወለጋ ቡና ይለቅማል። ብሩን በመቀነቱ ቋጥሮ ለጥምቀት ይመለሳል፤ በሬ ይገዛል፣ ጎጆ ይወጣል። ከተማን የሚያውቃት በመናኸሪያዋ ብቻ ነው። ከ2013ቱ ጦርነት ወዲህ ግን የሰሊጡ መንገድ እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነም፤ የመተከሉና የወለጋው ነገርም የምናውቀው ነው። ቀዬው ላይ እንዳይቀመጥ መሬት የለም። በ1989ኙ የመሬት ድልድል ጊዜ ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ጢሙን ይላጫል፤ የአባቱ ሁለት ቃዳ መሬት ደግሞ ለአምስት ወንድማማች ቢሸነሸን ለአንዱም ማረሻ ማዞሪያ አይሆን። ያ ረጅም እግር አጠረና ቅርብ ያለችው ከተማ ላይ አረፈ። መመለሱም ቀረ። አሁን ከከተማው ዳር በአንድ ሌሊት የቆመች ጨረቃ ቤት ይከራያል፤ ሲሚንቶ ይሸከማል፤ እሱም ሲጠፋ ጆንያ አንግቶ "ቁራሌው!" እያለ ይዞራል፤ ወይም ተደራጅቶ የእጅ ጋሪ እየገፋ የእኛን ጥራጊ ከየበሩ ይለቅማል።

እንግዲህ ማስረጃው ይኼ ነው። ሁልጊዜ የምናያቸው ከቆሻሻ ጋር ነዋ! እኛን ማን ከቆሻሻ ጋር አይቶን ያውቃል? እኛ የምንጥለው በጨለማ ነው።

ወር ሲሞላ ጋሪ ገፊው ልጅ የእትዬን በር ያንኳኳል። ለማኪያቶ የማይሰስተው እጃቸው እዚህ ላይ ይከብዳል። "ባለፈው ወር ሁለቴ ብቻ ነው የመጣኸው" ይሉታል። ልጁ አራት ጊዜ መምጣቱን በእርጋታ ያስረዳል። "ደሞ ክረምት ላይ ክፍያ ምን ያደርጋል? ዝናቡ በነፃ ይወስድልን የለ?" ከዚህ በኋላ የሚናገረው አይኖረውም፤ ከዝናብ ጋር በዋጋ መወዳደር አይቻልም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ ሞልቷል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ገና ድሮ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ደንግጎ ነበር። ጉሊት ላይ ቲማቲም የሚቋጠርበትን ፌስታል በምን እንደሚለኩት እንጃ፤ ነጋዴዋ ስትነፋው ይቀደዳል፣ ያኔ ሁለት ትደርብበታለች፤ ውፍረቱ ሞላ ማለት ነው። ያው አዋጅ የቤቱ ኃላፊ መልሶ የሚያገለግለውን ከሚጣለው እንዲለይም ያዝ ነበር፤ የማቻከሏ ልጅ ሳታነበው ፈጽማው ነበር፣ እትዬ አስቆሟት እንጂ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጸደቀ። የእኛ ሰው አዋጅ ያከብራል፤ ሲነበብ ቆሞ ነው የሚሰማው።

ስለ ጽዳት ዘመቻው ብዙ አልናገርም። አዲስ ቆብ፣ አዲስ ጓንት፣ አዲስ መጥረጊያ፣ አንድ ካሜራ። ካሜራው ሲዞር ይጠረጋል፣ ካሜራው ሲያርፍ ይታረፋል። መጨረሻ ላይ ለተሳታፊው ሁሉ የታሸገ ውሃ ይታደላል፤ ውሃው ይጠጣል፤ ባዶው ሃይላንድም በተጠረገው ቦታ ላይ በክብር ይቀመጣል፤ የሚቀጥለው ዘመቻ ሥራ እንዳያጣ።

የበዓል ማግሥትንስ ማን ያመሰግንልኛል? ድሮ በፋሲካ ማግሥት ቆዳ ገዢዎች በየመንደሩ እየጮኹ ይዞሩ ነበር፤ የበጉ ቆዳ ከፊል የበጉን ዋጋ ይደጉም ነበር። የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ የሚጠይቀው ጠፋ። እኛም አልተጨነቅንም። ቆዳው፣ አንጀቱ፣ የዶሮው ላባ ተሰብስቦ ድልድዩ ሥር ይሄዳል። ውሾቹ ሁለተኛ ፋሲካ ያደርጋሉ። አፍንጫችንን በነጠላችን ይዘን ስናልፍ "ይኼ መንግሥት!" እንላለን።

ደግሞ ባላገሩ ሲገባ የእኛ ልጅ ይወጣል። የእትዬ የበኩር ልጅ በደላላ ዱባይ ገብቷል። ስልክ ሲደውል የሚያወራው ስለ ጽዳት ነው። "እማዬ፣ እዚህ መንገድ ላይ ወረቀት አታገኚም። ሶፍት ብትጥዪ ትቀጫለሽ። እኔ ሲጋራ እንኳ ሳጠፋ ቢኑን ፈልጌ ነው።" እትዬ እንባቸው ይመጣል፤ ልጃቸው ሰው ሆነ! ይኸው ልጅ ማርቆስ ሳለ የጫቱን ገረባ ከነፌስታሉ ከፎቅ ይወረውር እንደነበር እኔና የታችኛው ቤት ቆርቆሮ እናውቃለን። በሚልከው ብር ቤቱ በካርቶን፣ በስፖንጅ፣ በላስቲክ ይሞላል፤ ያም የሚሄድበት ቦታ ይታወቃል። ልጁ ድንበር ለመሻገር ፓስፖርትና ቪዛ አስፈለገው፤ የእናቱ ጥራጊ ግን ያለ ደላላ ሱዳንን አልፎ ሊሄድ ይችል ነበር፣ ግድቡ ባያስቆመው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው አለቀ። ሥሩ ጎጆ ቀልሰው፣ አናቱ ላይ እየለቀሙ ይኖሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ከየገጠሩ የመጡ ነበሩ። እዚህ ላይ ሽሙጡ አይወጣልኝም፤ ልለፈው።

በ2015ቱ ክረምት ገበሬው ዩሪያ አጥቶ ሲጮህ እኛ ለመሬት የሚሆነውን ልጣጭና ዓመድ ከዳይፐር ጋር ቀላቅለን ወንዝ ስንሸኝ ነበር። ይህንንም የሚነቅፍ አይጠፋም። ለይተን ብናስቀምጥለት ኖሮ ገበሬው ከተማ ድረስ ሊመጣብን አልነበር? እሱ ደግሞ ሲመጣ ያቆሽሻል።

ባለፈው በጋ ጋሪ ገፊው ልጅ ጠፋ። አንዱ አዲስ አበባ ገባ ይላል፤ አንዱ በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ወጣ ይላል። ጥር ነውና ዶፍ የለም፤ ዲቹ ደርቆ ያለፈው ክረምት ሃይላንድ አፍጥጦ ያያል። የሰፈሩ ማዳበሪያ ሁሉ በእትዬ አጥር ጥግ ተቆለለ፤ ዝንቡ ሊሾውን ተሻግሮ ሲኒው ላይ ማረፍ ጀመረ። እትዬ ሲጨንቃቸው ገጠር ላሉት ታላቅ ወንድማቸው ደወሉ።

"አያ፣ አንድ ልጅ ላክልኝ፤ ጉልበት ያለው። በቆሻሻ ልናልቅ ነው።"

በወዲያ በኩል ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም።

"ልጅማ እዚህም ሞልቷል አያ፣ እሱን አይደለም። የዛሬው ባላገር ከተማ ያቆሽሻል፤ አንተ ጨዋውን መርጠህ ላክልኝ።"