ከፈረስ ጉልበቱ በፊት የበሩን ተለጣፊ እዩ

ስለ ፒክአፕ ምርጫ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ከባድ ፊፍዝ ዊል (የፊቱ ጫፍ ፒክአፑ ጀርባ ላይ በተገጠመ መያያዣ ላይ የሚያርፍ፣ እንደ ቤት የሚያገለግል ተጎታች) ለመጎተት መኪና ስንመርጥ የሞተሩን ጉልበትና ከፍተኛውን የመጎተት አቅም እንድናይ ይመክራል። ጥሩ ነው፤ ግን ዋናው ጥያቄ ቀርቷል። መኪናው ጀርባው ላይ ስንት ኪሎ ይሸከማል?

የፊፍዝ ዊል የፊት ክብደት በቀጥታ የፒክአፑ ጀርባ ላይ ያርፋል። ብዙውን ጊዜ ከተጎታቹ ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶ ይሆናል። እስቲ እናስላው። ዕቃ ተጭኖበት 6,000 ኪሎ የሚመዝን ተጎታች በ20 በመቶ ሲሰላ 1,200 ኪሎ ያሳርፋል። መያያዣው 90፣ ሰውና ሻንጣው 300 ቢሆን 1,590 ደረሰ። የመጫን አቅሙ 1,500 ኪሎ የሆነ ፒክአፕ እዚህ ላይ አለቀለት፤ ሻጩ «8 ቶን ይጎትታል» ቢልም እንኳ።

ትክክለኛው ቁጥር የሾፌሩ በር ሲከፈት ቋሚው ላይ የተለጠፈው ነው። የማስታወቂያውን እርሱት። ያው ሞዴል ሆኖ ባለ አራት በሩና ሙሉ ዕቃ የተገጠመለት ያነሰ ይጭናል። የተጎታቹንም ባዶ ክብደት አትያዙ፤ ውሃ፣ ጋዝና የቤት ዕቃ ሲገባበት ሌላ ነው።

ለከባዱ እኔ ከኋላ ጥንድ ጎማ ያለውን እመርጣለሁ። ማቆሚያ ማግኘት ያስቸግራል፣ እውነት ነው። ግን የጎን ንፋስ ሲመታ ወይም አንድ ጎማ ሲፈነዳ ልዩነቱ ይታያል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ የሞተር ፍሬን (ሞተሩ ራሱ መኪናውን የሚያዘገይበት ዘዴ) ከሌለ የእግር ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን በደንብ አይዝም። መኪናውን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ሙሉ ጭናችሁ የመኪና ሚዛን ላይ አውጡት። የኋላ አክስሉን ለብቻው አስመዝኑ።