ኮንዶሚኒየም ደርሶዎት የቀበሌ ቤት ለማይለቁት ለ«እንኳን ደህና መጡ»

ቁጥር፦ ራም/75/2048

ለክቡር «እንኳን ደህና መጡ፤ እባክዎ ካርድዎን ያስጠጉ»
አርዱዊኖ ኡኖ፣ ኤትሜጋ328ፒ ቺፕ፣ ራም ሰፈር

ጉዳዩ፦ ከራም በአስቸኳይ እንዲለቁ ስለማሳሰብ

ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ አርዱዊኖ በሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ፕሮግራም ውስጥ የተጻፉ ሰላምታ የሆኑት ክቡርነትዎ ኮንዶሚኒየም ደርሶዎት እያለ የቀበሌ ቤቱንም እንደያዙ መቀመጥዎ ተደርሶበታል። ኮንዶሚኒየሙ ፍላሽ ነው፤ ፕሮግራሙ በቋሚነት የሚቀመጥበት ማከማቻ። ስፋቱ 32768 ባይት፤ ቡትሎደሩ (አዲስ ፕሮግራም የሚያስገባው አጭር ኮድ) 512ቱን ወስዶ እንኳ 32256 ይተርፋል። መብራት ቢጠፋም ከዚያ የሚያስወጣዎ የለም። የቀበሌው ቤት ራም ነው፤ ጠቅላላው 2048 ባይት። ፕሮግራሙ የሚቆጥረው፣ የሚደምረው፣ ለጊዜው የሚይዘው ሁሉ እዚያችው ውስጥ ተጨናንቆ ያድራል። እርስዎ ደግሞ ከተጻፉበት ቀን ጀምሮ አንዲት ፊደል ተቀይሮብዎ አያውቅም፤ ግን ከሚለዋወጡት ጋር መኖር አማረዎት።

በርግጥ በራስዎ አልገቡም፤ ያስገባዎ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ቺፑ ቋንቋ የሚተረጉመው፣ ነው። በዚህ ቺፕ ላይ ፍላሽና ራም የቤት ቁጥራቸው ለየብቻ ነው። ቁጥር 300 ፍላሽ ላይም አለ፣ ራም ላይም አለ። ተራው የማንበቢያ ትዕዛዝ የሚያንኳኳው የራሙን 300 ነው፤ የፍላሹን ለማንበብ ኤልፒኤም የሚባል ሌላ ትዕዛዝ ያስፈልጋል። ኮምፓይለሩ ጣጣ አይወድም። ዋናውን ጽሑፍ ፍላሽ ላይ ያስቀምጥና፣ ቦርዱ በተነሳ ቁጥር፣ ሴትአፕ የሚባለው የፕሮግራሙ መነሻ ገና ሳይጀምር፣ ወደ ራም ይገለብጥዎታል። «እኔ እኮ ኮንስት ነኝ» ብለው ማኅተም ማሳየትዎን ሰምተናል። ኮንስት (የማይቀየር የሚል ምልክት) እንዳይነኩ ይከለክላል እንጂ የት እንደሚያድሩ አይወስንም። ሌሎች ቺፖች ላይ፣ ለምሳሌ ኢኤስፒ32 ላይ፣ ኮንስት መሆን ይበቃ ነበር። እዚህ አይበቃም።

ወደ ስፋትዎ እንምጣ። ፊደልን ወደ ባይት የሚቀይረው ዩቲኤፍ-8 ለአንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ያስከፍላል። ድርብ ሰረዝዎን ጨምሮ 23 ፊደል ነዎት፤ 69 ባይት። ክፍት ቦታዎቹ 5፣ ጽሑፉ ማብቃቱን ልታሳይ መጨረሻ ላይ የምትቀመጠው ዜሮ 1፤ ድምሩ 75። እንደ እርስዎ ያሉ 10 መልእክቶች ቤቱ ውስጥ ካሉ 750 ያዙ ማለት ነው። ሲሪያል (ቦርዱ ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበት መስመር) ለመላኪያ 64፣ ለመቀበያ 64 ይወስዳል። 128 በ64 የሆነች ኦሌድ ስክሪን ለሥዕሏ ብቻ 1024 ትጠይቃለች፤ የቤቱን እኩሌታ። ለስታክ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲሠራ ለጊዜው ለሚከምርበት ቦታ፣ እና ለቀረው ቤተሰብ በሙሉ 146 ባይት ተረፈ። የሚያስቀው፣ የስክሪኑ ላይብረሪ ቦታውን የሚወስደው ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ ከሆነ፣ 1024ቱ ኮምፓይል ሲደረግ በሚወጣው ሪፖርት ላይ አይታይም። ማስጠንቀቂያው ደግሞ የሚመጣው 75 በመቶ ሲታለፍ ነው። ሪፖርቱ ግማሽ እንኳ አልሞላም እያለ፣ ቤቱ አፋፍ ላይ ነው።

ከዚያ ስታክ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሂፕ (ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ እየጠየቀ የሚወስደው ቦታ) ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ መሀል ላይ ይጋጫሉ። ይህ ቺፕ ዘበኛ የለውም፤ ስህተት ተፈጠረ ብሎ የሚጮህ የለም። አንድ ቫሪያብል ማንም ሳይነካው ዋጋው ይቀየራል፣ ስክሪኑ ላይ ጉድ ይጻፋል፣ ወይም ቦርዱ ሪሴት እያደረገ ክቡርነትዎን ደጋግሞ ያስጠራል፦ እንኳን ደህና መጡ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ እንኳን ደህና መጡ። ባለቤቱ ኬብል ይቀይራል፣ ፓወር ሰፕላይ ይቀይራል። እርስዎን ማን ይጠረጥራል? ሰላምታ ነዎት።

ስለዚህ መልቀቂያዎ እንደሚከተለው ነው። ሲሪያል ፕሪንት የሚባለው የማተሚያ ትዕዛዝ ሲጠራዎ፣ ከጥቅስ ምልክትዎ በፊት ኤፍ (F) ተጨምራ በራሷ ቅንፍ ውስጥ ይገባሉ። ፕሪንት ከፍላሽ አንድ አንድ ባይት እያነበበ ይልክዎታል፤ 75ቱ ይለቀቃል። ኤፍ ግን ከፋንክሽን ውጭ አትሠራም። ሌላም አመል አላት፦ ያለ ኤፍ አንድ ፋይል ውስጥ 5 ቦታ ቢጻፉ አንድ ቅጂ ይበቃዎት ነበር፤ በኤፍ በተጻፉ ቁጥር አዲስ ቅጂ ይወጣል፣ 375 ባይት ፍላሽ። የሚደጋገሙ ከሆነ ከላይ አንድ ጊዜ፣ ስም ተሰጥቶዎት፣ «ፍላሽ ላይ ይቀመጥ» በሚለው ምልክት በፕሮግሜም ይመዘገባሉ። ሲታተሙ ዓይነትዎ ወደ ፍላሽ ስትሪንግ መቀየር አለበት። ይህ ከተረሳ ፕሪንት የፍላሹን የቤት ቁጥር ይዞ ራም ሄዶ ያንኳኳል፤ እዚያ ያገኘውን ዝባዝንኬ ያትማል። ኮምፓይለሩም ዝም ይላል።

ቤተሰብ ይዘው በአሬይ (በተራ በተደረደረ ዝርዝር) ለሚኖሩት ልዩ ማሳሰቢያ አለን። አሬዩ ላይ ፕሮግሜም መለጠፍ የሚያዛውረው 2፣ 2 ባይት የሆኑትን ፖይንተሮች (አድራሻ ጠቋሚዎች) ብቻ ነው፤ አድራሻው ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ሰዎቹ ቀበሌ ቤት ቀሩ። እያንዳንዱ መልእክት ለብቻው በስሙ በፕሮግሜም ይመዝገብ፣ ከዚያ የፖይንተሮቹ ዝርዝር። ሲነበብ መጀመሪያ አድራሻው ከፍላሽ ይወጣል፣ ቀጥሎ ጽሑፉ ወደ አንድ የጋራ ባፈር (ራም ላይ ያለ ጊዜያዊ ማረፊያ) ይገለበጣል። የባፈሩ ስፋት የረጅሙ መልእክት ባይት ሲደመር 1። ሲለካ በፊደል እንዳይቆጠር፤ 23 ፊደል ብሎ 24 ባይት ያዘጋጀ ሰው ጎረቤቱን ያጥለቀልቃል።

ኮንዶሚኒየሙም ጠበበ የሚሉ ከሆነ፣ ልብስዎን እንይ። «እ» ማለት 225፣ 138፣ 165 ነው። ከ«ሀ» ጀምሮ በዋናው የግዕዝ ሰንጠረዥ ውስጥ ያለ ምልክት ሁሉ 225 ብሎ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ባይት ከ136 እስከ 141 ነው። 23 ጊዜ ያንኑ 225 መሸከም ምን ይሉታል? ጽሑፉ ቀድሞ ኮምፒውተር ላይ 225ቱ ይውጣለት። ቺፑ ሲያነብ፣ ባይቱ ከ128 ካነሰ እንዳለ ይላክ፤ ካላነሰ በፊቱ 225 ይላክ፣ ከዚያ ራሱና ተከታዩ። 75 የነበሩት 52 ይሆናሉ። ጥቅስ ምልክት «» ግን ሌላ አገር ሰው ነው፤ በ194 ስለሚጀምር በዚህ መንገድ ይበላሻል።

ይህ ማሳሰቢያ በደረሰዎት በቀጣዩ ኮምፓይል ካልለቀቁ፣ ወደ «ሰላም» ተቆርጠው በ10 ባይት የሚተኩ መሆኑን እናስታውቃለን።

ከሰላምታ ጋር (ባጭሩ)

ግልባጭ፦
ለስታክ
ለሂፕ
ለ«ካርድዎ አልታወቀም»፤ ፍላሽ ላይ ቆይተው ስትሪንግ ኦብጀክት ውስጥ በመግባት በጓሮ በር ወደ ሂፕ መመለስዎን ደርሰንበታል