ከመስታወቱ ወዲያና ወዲህ

ሆላንድ እንደገባሁ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ የሰው ቤት መስታወት ማጽዳት ነበር። ባልዲ፣ መሰላል፣ ስፖንጅና ጫፉ ጎማ የሆነ መጥረጊያ ይዤ በሮተርዳም መንደሮች ስዞር እውላለሁ። ሀገር ቤት መስታወት የሚወለወለው በአሮጌ አዲስ ዘመን ነበር። እናቴ «ይሄ ጋዜጣ ለዚሁ የተሠራ ነው» ትለን ነበር፤ ስለ ወረቀቱ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ያስደነገጠኝ የሥራው ክብደት አይደለም። መጋረጃ የሚባል ነገር የለም! መስታወቱ ትልቅ፣ ቤቱ መንገድ ዳር፣ እግረኛው እጁን ቢዘረጋ የሚነካው። ማታ መብራት በርቶ ቤተሰቡ ራት ሲበላ፣ ልጅቷ የቤት ሥራ ስትሠራ፣ አባትየው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ሲያንቀላፋ ሁሉም ይታያል። እኛ ገበታ ሲቀርብ በር ገርበብ እናደርጋለን። ንጉሡ እንኳ ግብር ላይ ሲበሉ መጋረጃ ይጋረድላቸው ነበር። ዓይን እንደሚበላ እያወቁ ያደጉ ሰዎች ነን።

ሆላንዶቹን ስለዚህ ነገር ስጠይቅ አንዱ «ከፕሮቴስታንቱ ሰባኪ ከካልቪን እምነት የመጣ ነው፤ የሚደብቀው የሌለው ሰው አይጋርድም» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «ብርሃን ስለሌለን ነው እንጂ ምን እምነት አለው» ይላል። በታኅሣሥ፣ በሀገር ቤት ሰዓት ከቀኑ አሥር ተኩል ላይ ፀሐይ በምትጠልቅበት አገር የሁለተኛው መልስ ያሳምነኛል። ደግሞስ የሚደብቁት የሌላቸው ሰዎች በአንዳንድ የድሮ ቤት መስኮት ላይ ወደ መንገድ ያዘነበለች ትንሽ መስታወት ለምን ሰቀሉ? በቋንቋቸው ስሟ «ትንሿ ሰላይ» እንደማለት ነው። ፎቅ ላይ ተቀምጠው በር የሚያንኳኳውን ያዩባታል። እኛ ከጣልያን ወስደን ስፖኪዮ የምንለው የመኪና መስታወት ማለት ናት፤ ቤት ላይ የተገጠመች ስፖኪዮ።

አራት ዓመት ያህል በየስድስት ሳምንቱ መስታወታቸውን የማጸዳላቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሶፋቸውን፣ ግራጫ ድመታቸውን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የባላቸውን ፎቶ፣ ከቡናቸው ጋር የሚበሏትን አንዲት ብስኩት ሳይቀር አውቃለሁ። እጄን ሳነሳ እጃቸውን ያነሳሉ። ስማቸውን ግን አላውቅም። መስታወቱ ድርብ ነው፣ ብርድም ድምፅም አያሳልፍም። አንድ ቀን ጠዋት ስሄድ ክፍሉ ባዶ ነው። ጎረቤት ብጠይቅ «እንጃ» አለኝ። ሒሳቡ አስቀድሞ ተከፍሎ ስለነበር የባዶውን ክፍል መስታወት አጽድቼ ሄድኩ። ለቅሶ ልድረስ ብል የት እደርሳለሁ?

ያ መስታወት አራት ዓመት ሙሉ አሳየኝ እንጂ አላስገባኝም። በዚያ አገር ወንድም ወንድሙ ቤት ሲሄድ እንኳ ቀጠሮ ይዞ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1851 ለንደን ውስጥ ከብረትና ከመስታወት አንድ ግዙፍ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ተሠርቶ ነበር፤ ክሪስታል ፓላስ ይሉታል። የዘመኑ ሰው የሥልጣኔን ጫፍ ያየበት ሕንፃ ነው። የሩሲያው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ በ1862 ለንደን ደርሶ ተመልሶ፣ በ1864 ባሳተመው ከምድር በታች በሚኖረው ሰው ታሪክ ውስጥ ይህንኑ የመስታወት ቤት መንግሥት ያነሳዋል። የተራኪው ቅሬታ የልጅ ቅሬታ ይመስላል፦ በድብቅ እንኳ ምላስ ሊያወጡበት የማይቻል ቤት ያስፈራኛል ነው የሚለው። መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጥቶ ነበር። ባልዲ ይዤ ከዞርኩ በኋላ ግን ገባኝ። በእነዚያ ሳሎኖች ውስጥ ሲጣላ ያየሁት የለም፣ ሲያለቅስ ያየሁት የለም። አበባው በቦታው፣ ትራሱ በቦታው፣ ሁሉም ለሽያጭ የቀረበ ይመስላል። እነዚህ ሰዎች ሲከፋቸው የት ሄደው ነው የሚከፋቸው?

ፈረንጅ አሻግሮ የሚያይበትንና ራሱን የሚያይበትን በሁለት ቃል ለይቷል። እኛ ሁለቱንም መስታወት አልነው። ሰንበት ትምህርት ቤት «ዛሬስ በመስተዋት በድንግዝግዝ እንደምናይ ነን» ሲነበብ፣ ጳውሎስ በቆሸሸ መስኮት የሚያጮልቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ ደብዳቤው የተላከላቸው ቆሮንቶሶች የሚታወቁት በተወለወለ የነሐስ መስታወት ነው፤ ነሐስ ደግሞ ፊትን አደብዝዞ ነው የሚያሳይ።

የእኛ ቃል ብዙ የሚቀኝበት ብርጭቆ ግን መስኮትም መልክ ማያም አይደለም፤ ብርሌ ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭን፣ ጠጅ ሲሞላበት ፀሐይ የዋጠ የሚመስለው። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ሲባል ለትዳርም ለወዳጅነትም ነው። የነቃ ብርሌ በዓይን ላይለይ ይችላል፤ በጥፍር ቋ ሲያደርጉት ግን ድምፁ ያጋልጠዋል። ውበቱ ያለው «ነቃ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ሰውም ከእንቅልፉ ይነቃል፣ ብርሌም ይነቃል። «ንቃ፣ ተደራጅ፣ ታጠቅ!» የተባለው ትውልድ በየትኛው ትርጉም እንደነቃ ለእናንተ እተወዋለሁ።

ጉለሌ ያደግሁበት ግቢ አጥር ላይ የተሰበረ ጠርሙስ በሲሚንቶ ተተክሎ ነበር። ቡናማው የቢራ፣ አረንጓዴው የወይን፣ ነጩ የአረቄ፤ የሰፈሩን ድግስ ታሪክ ከአጥሩ ማንበብ ይቻላል። አንድ የሆላንድ የሥራ ባልደረባዬ ፎቶውን አይቶ «እስር ቤት ነው?» ብሎኛል። ምን ያድርግ፣ በሩን አላየው! ያ በር ከጠዋት ጀምሮ በድንጋይ ተደግፎ ክፍት ነው የሚውለው። ቡና ሲፈላ አንዱ ልጅ ይላካል፤ ጎረቤት ነጠላዋን እያጣፋች ትገባለች፣ ያልተጠራውም ይገባል። ስባሪው ለሌሊት ሌባ ነበር።

አምና ስመለስ ከተማዋ መስታወት ለብሳ ጠበቀችኝ። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን ከ200 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሎቹም እየተከተሉት ነው። ቦሌ አንድ ካፌ ማኪያቶ ይዤ ተቀምጬ አንድ ጎረምሳ ከውጭ መጥቶ አፍንጫዬ ሥር ቆመ። ኮሌታውን አስተካከለ፣ ጥርሱን ገልጦ አየ፣ ጎንና ጎኑን ተመለከተ። ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይስቃል። እሱ እኛን አያይም፤ ፀሐዩ እሱ ዘንድ ስለሆነ ራሱን ብቻ ነው የሚያይ። ማታ ውስጡ ሲበራ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚታየው የተቀመጠው ነው። ሁለቱ የመስታወት ትርጉሞቻችን አንድ ገጽ ላይ ተገናኙ ማለት ነው፤ የትኛው እንደሚደርስህ የሚወስነው የቆምክበት ወገን ነው።

የአፍሪካ አዳራሹ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ከዚህ ሁሉ ይለያል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 የተጠናቀቀ፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለ ቀለም መስታወት ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚያው አዳራሽ ነው። ባለ ቀለም መስታወት ቀን በውጭ በኩል ሲያዩት ጥቁር ነው። ቀዩም ቢጫውም የሚወጣው ገብተው ብርሃኑ ወደ እርስዎ ሲመጣ ነው። ለመግባት ታዲያ ጥበቃና ፍተሻ አለ፤ እኔም እዚያው ከተማ ተወልጄ ያወቅሁት በፎቶ ነው።

ጉለሌም ደረስኩ። ወንድሜ አጥሩን አፍርሶ አድሷል፤ የጠርሙስ ስባሪው ቀርቷል። የሳሎኑ በር ወለል ድረስ መስታወት ነው፣ ያው የሚያንጸባርቀው ዓይነት። እሑድ ከሰዓት ቁጭ ብለን ሳለ የድሮ ጎረቤታችን እማማ ግቢ ገቡ። በልጅነቴ ከምሳዬ ግማሹን የበላሁት እሳቸው ቤት ነው። መምጣቴን ሰምተው ነው። በእጃቸው በነጠላ ጫፍ የተሸፈነ ሰሃን ይዘዋል።

«ቤቶች!» አሉ።

የወንድሜ ልጅ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደረገችና «ጋሼ፣ ዝም በል። ከተቀመጡ አይነሱም» አለችኝ በሹክሹክታ።

እማማ ወደ በሩ ተጠጉ። ልክ ዓይኔን የሚያዩ መሰለኝ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ቅንድባቸውን አሻሹ። እንደገና «ቤቶች!» አሉ፣ ቀስ ብለው። እኔ ከሶፋው ሳልነሳ እጄን አነሳሁ፣ ልማድ ነው። እሳቸው ግን አላዩኝም። ትንሽ ቆሙና ሰሃኑን ደረጃው ላይ አስቀምጠው ሄዱ።